የዓብዱ ድስት

ጥር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.
ከመዘዞ በላይ፣ ከበጎች እርባታው

ይድረስ ለዓብዱ እናት፣

እንደምን ከርመዋል እናቴ? ዓይንዎ እንዴት ነው? ፀሐይ ሲያዩ የግራው እንባ ያፈስ እንደነበር ሰምቻለሁና ከሁሉ በፊት እሱን ልጠይቅ። ፍየሎቹ ደህና ናቸው? የጓሮው ሎሚስ ዘንድሮ ያዘ? እኔ ጉልበቴን ብርዱ ከጨመደደኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እዚህ ውርጩ ገና በኅዳር ነው የጀመረው። ጥቁሮቹ በጎች እንኳ ጠዋት ጠዋት ጀርባቸው ነጭ ሆኖ ነው የሚነሡት። ለእናንተ ለቆላ ሰዎች ይህን ቢነግሯችሁ ተረት ይመስላችኋል።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም። እኔ ግን አውቅዎታለሁ። ዓብዱ በልጅነቱ ከፓፓያ ዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ዕለት፣ አስቀድመው በልምጭ ገርፈው፣ ከዚያ እያለቀሱ ተሸክመው ወጌሻ ዘንድ እንደ ወሰዱት አውቃለሁ። በርበሬ አስጥተው ሳለ ሰው በአጠገብዎ ሲያልፍ አቧራ አስነሣህብኝ ብለው እንደሚቆጡ አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ እርስዎ ስሰማ ኖሬ ባዳ ነኝ ማለት ይከብደኛል። እኔ በዚህ እርባታ የወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ለሃያ ስድስት ወንድ አበስላለሁ። ልጅዎ እዚህ በነበረበት ዘመን ሁሉ ምግቡ በእኔ እጅ ነበር።

የምጽፍልዎትም ስለዚያ ምግብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አብዱልጀሊልን አገኘሁት። ከዓብዱ ጋር እዚህ ይሠራ የነበረው፣ አሁን ጨው የሚነግደው የሀገራችሁ ልጅ ነው። የእርስዎን ደህንነት ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ምን ደህንነት አለ» አለኝ። «የዓብዱ መሞት ከግንባር ከተሰማ ወዲህ ቤታቸው ሰው አይገባም። ለቅሶ የደረሰ የለም። ሶላትም አልተሰገደለት። የክርስቲያን ሥጋ ሲበላ ኖሮ፣ እዚያው ሃይማኖቱን ለውጦ የሞተ ነው ተብሎ ሀገሩ ሁሉ አወራ።» ሸሁ ግን ደግ ሰው መሆናቸውን ነገረኝ። «የሚያውቅ ሰው መጥቶ ሐሰት ነው ካለኝ እሰግድለታለሁ፤ እስከዚያ አፌን አልከፍትም» ብለዋል አለኝ።

እናቴ፣ የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ። ሌላ የለም።

ዓብዱ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም። መረቁንም አልቀመሰም። ሥጋ ድስት ውስጥ የገባ ጭልፋ የእሱን ወጥ ነክቶት አያውቅም። የተወራው ውሸት ነው። ውሸቱንም የተናገርሁት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አብዱልጀሊል ይዞልኝ ይመጣል። እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ በሰፈራችሁ ደብዳቤ የሚያነብ ሸሪፍ እንደሆነ ነግሮኛል። ሸሪፍም ከእኛ ጋር የሠራ ነው፤ ነገሩንም መጀመሪያ የሰማው ከእኔ አፍ ነው። እንግዲህ ሸሪፍ፣ ላንተም ሰላም ይሁን። ልጆችህ እንዴት ናቸው? ቃል ሳትዘል፣ ድምፅህን ሳትቀንስ አንብብላቸው። የደከመው ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ይህ እርባታ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ከመንገዱ ሩቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ። ሠራተኛው ከየሀገሩ የመጣ ወንድ ነው፤ ሚስት ማምጣት አይፈቀድም። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ አንዱ ያንዱን ልጅ ስም አያውቅም። በግ ቢጠፋ ሁሉም ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሰው ቢጠፋ ግን አልጋው ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ሌላ ሰው ሊተኛበት ሲመጣ ነው። ከሴት እኔ ብቻ ነኝ። ባሌ ሲሞት ወንድሞቼ ቤት ሸክም ላለመሆን ብዬ ነው የመጣሁት። ያኔ እርባታው የአንድ ባላባት ነበር፤ በኋላ የመንግሥት ሆነ። ለእኔ የተለወጠው ድስቱ መተለቁ ብቻ ነው።

ዓብዱ መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣው ጨው ሊለምነኝ ነው። የወላዶቹ በጎች ጠባቂ ነበር። እናቷ የሞተችባትን ግልገል አንዷ በግ አላስጠጋ ብላ ስትረግጣት፣ የግልገሏን ጀርባ ጨው ሊያሽላት ፈለገ። «ለጨው ብላ ትልሳታለች፤ ስትልሳት ትለምዳታለች» አለኝ። ለቆላ ሰው ይህን ማን አስተማረህ ብዬ ብጠይቀው፣ እናቴ ለፍየል እንዲህ ታደርጋለች አለ። ያን ዕለት ነው ስለ እርስዎ መጀመሪያ የሰማሁት። በጊቱም ለመደች።

ምግብ እንዴት እንደሚያደርግ ብጠይቀው ደረቅ እንጀራ እንደሚበላ ነገረኝ። እዚህ እግሩ የተሰበረ በግ ሲኖር ይታረዳል፤ በእኛ ወግ በሥላሴ ስም ተባርኮ ነው የሚታረደው፤ ድስቱም ጭልፋውም ሥጋ ሥጋ ነው። ስለዚህ ለዓብዱ የብቻውን ድስት አደረግሁለት። አንድ ጆሮዋ የተሰበረ ትንሽ የሸክላ ድስት ነች። ጭልፋዋም የብቻዋ። ሥጋ በሚሠራበት ቀን ድስቷን ከቤት አውጥቼ ሌላ ጉልቻ ላይ እጥዳት ነበር። እጄን በአመድ ታጥቤ ነበር ሽሮውን የምነካው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ የሰው ሃይማኖት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከልጅነቴ አውቃለሁ። እናቴ፣ ያችን ድስት እንደ ጽዋ ነው የያዝኋት።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ከውስጥ የሥጋው ሽታ አለ፣ ከውጭ ነፋሱ አለ፤ ደጃፉ መካከል ነው። እኔ ውስጥ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ያወራኛል። ስለ አሊዩ አምባ ገበያ፣ ስለ ግመሎች፣ አንድ ነጋዴ ስለ ሸጠባችሁ እንዝርት የማትሸከም አህያ። ያስቀኝ ነበር። በጾም ቀን ሁላችንም ሽሮ ስንበላ ገብቶ ከሰዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጥና «ዛሬ ሁላችሁም ወደ እኔ መጣችሁ» ይላል። ሰዎቹም ይስቃሉ። በፍስክ ተመልሶ ደጃፉ ላይ። ሌላው ሰው ስሜን ሞልቶ ይመኙሻል ይለኛል፣ አንዳንዱም አንቺ ሴት። ዓብዱ ይመኙ ነበር የሚለኝ።

በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. በታኅሣሥ ሸሪፍና አብዱልጀሊል መጡ። የሀገሩ ሰዎች፣ በሃይማኖትም አንድ። በሁለተኛው ቀን ዓብዱ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «ይመኙ፣ ከእንግዲህ አታስቢልኝ፤ ሦስት ሆነናል፣ አንድ ላይ እናበስላለን። አንቺም እረፊ» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። እኔም ደግ አደረጋችሁ አልሁት። ከጋጣው ጀርባ የራሳቸውን ምድጃ ሠሩ። ቢስሚላሂ ብለው ጠቦት ያርዳሉ፣ በአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ሲስቁ ድምፃቸው እስከ ወጥ ቤቱ ይሰማል። ዓብዱ አራት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን አንሥቶ ሰላም ይለኛል። ማለፉን ግን ያልፋል።

ኃይለ ገብርኤል የሚባል በግ ሸላች አለ፤ ምላሱ ከመቀሱ የባሰ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይመኙሻል፣ ሦስት ሳምንት አለፈ እኮ፤ ባልሽ ፈታሽ እንዴ? ሽማግሌ እንላክበት?» አለኝ። ትን እስኪላቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንዲት ሴት በዚህ ሁሉ ወንድ መካከል ካልሳቀች ምን ልትሆን ነው?

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሸሪፍ እሳት ሊጭር መጣ። ፍሙን በገል እያነሣ፣ «እትዬ፣ ዓብዱ ዛሬ የቆላ ወጥ ሠራልንና ጣቴን ልበላ ነበር። እንዲህ የሚችል ሰው አራት ዓመት ሽሮ እንዴት ቻለ?» አለኝ። ለጨዋታ ነው ያለው፤ ክፋት አልነበረበትም። ሸሪፍ፣ ይህን ስላንተ እመሰክራለሁ።

«ሽሮ ብቻ መሰለህ እንዴ? መረቃችን ባይገባበት መቼ ይችለው ነበር» አልሁት። እየሳቅሁ።

ሸሪፍ አልሳቀም። «ያውቃል?» አለኝ።

«ሕፃን ነው እንዴ የማያውቅ?» አልሁት።

ፍሙን ከነገሉ ምድጃዬ ላይ መልሶ ወጣ። ይኸው ነው እናቴ። ሀገር ያወራው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። ሌላ ምንም የለውም።

በማግሥቱ ከጋጣው ጀርባ የሚበሉት ሁለት ሆኑ። ዓብዱ መጣ። አልተቀመጠም። «ይመኙ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለኝ። ቀልዴን ነው አልሁት። «እንግዲያው ቀልድ መሆኑን ንገሪያቸው። እኔ ብል አያምኑኝም፤ የበላ ሰው በላሁ አይልም ይሉኛል። ካንቺ አፍ ነው የሰሙት፣ ካንቺ አፍ ይስሙ» አለኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁት።

በነገው መጣ። «ነገርሻቸው?» ዛሬ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ነገ አልሁት። በማግሥቱም መጣ። ነገ አልሁት። ከጥር እስከ ግንቦት በየቀኑ መጣ። ሦስት ሳምንት ደጄን ያልረገጠው ሰው በየቀኑ መጣ። መጀመሪያ ቆሞ ነበር፤ በኋላ ጉልበቱ ሲደክም ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እኔ በዚያችው ድስት ሽሮውን ሠርቼ አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ አይነካውም። ከማንም ድስት መብላት ትቶ ነበር። ከኪሱ ቆሎ እያወጣ ይቆረጥማል፣ ውሃም ከወንዝ ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። ከስቶ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። እኔ አወራዋለሁ። ስለ እርስዎ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ፍየሎቹ። ጨዋ ነውና ይመልስልኛል። ሲነሣ፣ «ነገ እንዳትረሺ» ይለኛል።

ሸሪፍ፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ። መርሳት አልነበረም።

እናቴ፣ የሚቀጥለውን ለመጻፍ አዲስ ወረቀት አወጣሁ።

በግንቦት ከአውራጃ ሰው መጣ። ለእናት አገር ጥሪ ከዚህ እርባታ አንድ ሰው ይውጣ ተባለ። ሁላችንም በጎቹ በሚሸለቱበት ዳስ ተሰበሰብን፤ እኔም ዳቦ እያቦካሁ ነበርና እጄን ሳልታጠብ ሄድሁ። የሠራተኛው ማኅበር ሊቀ መንበር ገብረ ጻድቅ ፈቃደኛ ጠየቀ፤ የተነሣ የለም። ሚስትና ልጅ የሌለው ይሂድ ተባለ፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነበር። ማን ይሁን ሲባል ኃይለ ገብርኤል ተነሣና፣ «ዓብዱ ይሂዳ! ከማንም ጋር አይበላ፣ ማን ይናፍቀዋል?» አለ። ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

ገብረ ጻድቅ ግን አልሳቀም። ዓብዱ እናት እንዳሉት ያውቃል። ወደ ሸሪፍና ወደ አብዱልጀሊል ዞሮ፣ «የሀገሩ ልጆች ናችሁ፤ የሚናገርለት አለ?» አለ። አንድ ቃል ቢገኝ ሌላ ስም ሊጠራ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አብዱልጀሊል መሬት መሬት አየ። ሸሪፍ፣ «የእኛ ሰው አይደለም» አለ። ዓብዱ ይሂድ በሚለው ላይ እጅ አውጡ ሲባልም መጀመሪያ የወጣው እጅ የሸሪፍ ነበር። የቀሩት ከእሱ በኋላ ነው የወጡት። የገዛ ወገኑ ከተወው እኛ ምን አገባን ብለው ነው።

ኃይለ ገብርኤል ወደ እኔ ዞረና፣ «ይመኙሻል፣ ባልሽን ልትከለክይን ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የምናገረው ነበረኝ። ሸሪፍም እዚያው ነበር፣ አብዱልጀሊልም። ውሸት ነው፣ አልበላም፣ ብል ሦስት ቃል ነው።

እጄን አወጣሁ። ሊጥ ስለነበረበት ከሁሉም እጅ ጎልቶ ይታይ ነበር። ገብረ ጻድቅ እጆቹን ሲቆጥር ዓብዱም አብሮ በዓይኑ ይከተል ነበር። የእኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈ።

በማግሥቱ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። ዓብዱ ጋቢውን ደርቦ ወደ ወጥ ቤቱ መጣ። መንገድ ነው፣ ዛሬስ ቅመስ ብዬ ድስቷን አቀረብሁለት። ድስቷን አየ፣ እኔን አየ። «ለነሱ መንገሩን ተዪው» አለኝ። «ለእናቴ ጻፊላት። ፊደል ታውቂያለሽ። አልበላም ብለሽ ጻፊላት፣ ይመኙሻል።»

ሙሉ ስሜን ነው የጠራኝ። እሺ አልሁት። ሳይቀምስ ሄደ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ለምን አልጻፍሽም ይሉኛል። ሲመለስ አብረን እንወርዳለን እል ነበር። እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ፤ እርስዎ ከደጅ ቆመው ማን ናት ሲሉት፣ ምን ብሎ እንደሚመልስልዎ አስብ ነበር። በጎ በጎውን አስብ ነበር። የመሞቱ ወረቀት አድራሻው እዚህ ስለሆነ መጀመሪያ የደረሰው ለእኛ ነው። ገብረ ጻድቅ ካነበበልን በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ እናንተ ተነሣሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጎረቤላ ደርሼ፣ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ሆኜ ሀገራችሁን አይቼ ተመለስሁ። እግሬ አይደለም እንቢ ያለኝ። ለቅሶ ደራሽ አያጡም ብዬ ራሴን አታለልሁ። ብቻዎን መቀመጥዎን ከአብዱልጀሊል እስክሰማ ድረስ።

አሁን ለሸሁ የሚሆነውን ቃል እጽፋለሁ። እኔ ይመኙሻል፣ የቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ልጅ፣ ዓብዱ በዚህ በኖረበት ዘመን ሁሉ የክርስቲያን ሥጋም መረቅም እንዳልቀመሰ፣ በሃይማኖቱ እንደኖረና በሃይማኖቱ እንደሄደ፣ በአባቴ መስቀል እምላለሁ። የክርስቲያን መሐላ አይበቃም ካሉ በሚቀጥለው የአሊዩ አምባ ገበያ ቀን ጎረቤላ ላይ እጠብቃለሁ። ሰው ይላኩብኝ። እወርዳለሁ፣ በሰው ፊትም እናገራለሁ። በድንጋይም ቢሆን ይቀበሉኝ።

ይህን ቃል የጻፍሁት በዚህ በመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ነው። ፊቱ ላይ ያለው የስብሰባው ነገር ነው፤ ማን ምን እንዳለ፣ የማን እጅ መጀመሪያ እንደወጣ፣ የእኔም እጅ። አውቄ ነው እንዲህ ያደረግሁት ሸሪፍ። ዓብዱን ነጻ የሚያወጣው ቃል ያለ ሌላው አይሄድም፤ ሸሁ ዘንድ ስትወስደው ሁለቱንም ይዘህ ነው የምትሄደው።

እናቴ፣ ሸሪፍ እስካሁን ያነበበልዎ እንደሆነ ጎበዝ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን እሱ በአንድ ቀን ቻለው ማለት ነው። የስብሰባው ነገር ላይ ሲደርስ ዝም ያለ እንደሆነ ግን አይቆጡት። ወረቀቱን ብቻ ከእጁ ይቀበሉትና ለሌላ አንባቢ ይስጡት።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ሰው ይግባልዎ፣ ቤትዎ በዱዓ ይሞላ፣ ለልጅዎ የሚሰገድበትን ቀን ዓይንዎ ይይ። በእናንተ አላህ፣ በእኛ እግዚአብሔር፣ የቀረውን ዕድሜዎን በሰው መካከል ያድርገው።

የልጅዎ ወጥ ሠሪ